እየሩስ የመሰከረችው ደመወዝ

እየሩስ ጁባ ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ሆሳዕና ያሉ ዘመዶቿ ይህን ሲያወሩ ደረታቸውን ነፋ አድርገው «ውጭ አገር ናት» ይላሉ። ውጭ አገርነቱስ ውጭ አገር ነው። ማላኪያ ሰፈር፣ ሆቴል ውስጥ በአስተናጋጅነት ከምትሠራው ከሀኒ ጋር በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ትኖራለች። ለቦዳቦዳ፣ ለሞተር ታክሲው፣ የምትከፍለው ስለሌላት ማንጋቴን ሰፈር አጠገብ እስካለው የግል ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት በእግሯ ትኳትናለች፤ ከዚያ ሰባ ሁለት ልጆች ፊት ቆማ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ታስተምራለች።

ውሏ ላይ የተጻፈው ደመወዝ አራት መቶ ዶላር ነው። ትምህርት ቤቱ ግን የሚከፍለው በደቡብ ሱዳን ፓውንድ ነው፤ ያውም ለነባርም ለአዲስም መምህር በማይለውጠው የድሮ ምንዛሪ። ያኔ አንድ ዶላር አንድ ሺህ ፓውንድ ነበር፤ ስለዚህ አራት መቶ ሺህ ፓውንድ ይቆጥሩላታል። ዛሬ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ወርዳ ዶላር ልግዛበት ብትል ያ ሁሉ ገንዘብ ሰማንያ አይሞላላትም። ጥላው የመጣችው የአገር ቤት ደመወዝም ሲመነዘር ያንኑ ያክላል፤ ልዩነቱ፣ እዚያ የቤት ኪራይ አትከፍልም ነበር፣ ደመወዙም ወሩን አያሳልፍም። እዚህ ሳይከፈላት ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ሂሳብ ክፍል በሄደች ቁጥር ገንዘብ ያዡ «ጉሩሽ ማፊ» ይላታል፤ ገንዘብ የለም ማለቱ ነው፤ እሱን ሲል አንድ ቀን እንኳ አፍሮ አያውቅም።

ችግሯን ብቻዋን ብትችለው ኖሮ ደግ ነበር። ጣጣው የመጣው ባለፈው ገና ለእረፍት አገር ቤት የገባች ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ለመንገዷ ስንት ወር ጸልያላታለችና መጋቢው መድረክ ላይ ጠርተው ምስክርነት ስጪ አሏት። እናቷ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማይኩን ይዛ እግዚአብሔርን አመሰገነች። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት? ስንት ሰው የጸለየላትን ጉዞ «ያው ነው፣ ምንም አልተለወጠም» ብሎ መመስከር ግን አንገት ያስደፋል። አራት መቶ ዶላር እንደሚከፈላት ተናገረች። ወረቀቱ ላይ ያለውን ተናገረች፤ ኪሷ ውስጥ ያለውን ዋጠችው። ሃሌሉያው ጣሪያውን አናጋው። ከኋላ አንዱ ወዲያው በስልኩ አስልቶ ሃምሳ ሺህ ብር እንደሚሆን አዳረሰ።

ይህን ከሰሙት መካከል ተሻለች የምትባል ሴት ነበረች። ተሻለች እየሩስ ታስተምርበት በነበረው የመንግሥት ትምህርት ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ጠመኔ የጨበጠች የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። እየሩስ አዲስ ቅጥር ሆና ክፍል ለመግባት ስትንቀጠቀጥ አብራት ገብታ ያለማመደቻት እሷ ነች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያችው ደመወዝ ነው።

ባለፈው አርብ ተሻለች ደወለች። ለካስ ማንንም ሳታማክር ከጁባው ትምህርት ቤት ጋር ተጻጽፋ ኖሯል፤ ያው አራት መቶ ዶላር የሚለው ውል ደርሷታል። ሰኞ መልቀቂያዋን ልታስገባ ነው። ልጆቹን እህቷ ዘንድ ትተዋለች። እየሩስ «እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት። ስልኩን ስትዘጋ ራሷን ጠላች።

ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ያየቻት ሀኒ በማግስቱ ምን ሆነሽ ነው ብላ ጉዳዩን አወጣጣቻት።

«ሰኞ ሳይደርስ ንገሪያት» አለች ሀኒ። «እዚህ ከመጣች በኋላ የምትነግሪያት እውነት ምን ይሠራላታል?»

እየሩስ እሑድን ጠብቃ፣ ከጸሎት መልስ፣ ደጅ ላይ ቆማ በድምፅ መልእክት ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ምንዛሪው፣ ስላልተከፈላት ሦስት ወር፣ ምሳ መብላት ስለመተዋ፣ መድረክ ላይ ስለዋጠችው ነገር፤ አንድም አላስቀረችም። እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች። ማስረጃ ይሁነኝ ብላ የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀት ፎቶ አንስታ አያያዘች። ከላከችው በኋላ ዓመት ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ቀለል አላት።

መልሱ ወደ ማታ መጣ። የተሻለች ድምፅ ዝግ ያለ ነበር።

«እየሩስዬ፣ ወረቀቱን አየሁት። አራት መቶ ሺህ የሚል ወረቀት ልከሽልኝ ሰማንያ ዶላር ነው ትይኛለሽ። ስትመሰክሪ እዚያው ነበርኩ። አንቺ በእግዚአብሔር ቤት አትዋሺም፤ አውቅሻለሁ። ስለዚህ የምትዋሺው አሁን ነው። እንድመጣ ካልፈለግሽ አትምጪብኝ ብትይኝ ይሻል ነበር።»

እየሩስ ደወለች፤ አይነሳም። አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች። ፓውንድና ዶላር እየለየች ጽፋ ላከች፣ በእናቷ ስም ለመነቻት፤ ተሻለች አልከፈተችውም። እናቷን ልካ እንዳታስቆማት ለእናቷም እውነቱን መናገር ሊኖርባት ነው። ቁጥራቸውን አውጥታ ብዙ አየችው፤ መደወሉ ግን አቃታት።

ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ክፍል ውስጥ፣ ተማሪዎቿ ሰሌዳው ላይ የጻፈችላቸውን ሲገለብጡ ስልኳ ነዘረ። ማኅተም ያረፈበት የመልቀቂያ ደብዳቤ ፎቶ ነው። ከሥሩ ተሻለች «ይቅር ብዬሻለሁ፤ ሐሙስ ተቀበይኝ» ብላ ጽፋለች። እየሩስ ጠመኔውን አስቀምጣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተደገፈች። ፊት ወንበር ያሉት ልጆች መገልበጣቸውን ትተው አዩዋት።

ማታ ለሀኒ ስልኩን አሳየቻት። ሀኒ አንብባ ስልኩን መለሰችላት። ሁለቱ ተጋግዘው አልጋዎቹን ወደ ግድግዳው ገፉና ለሦስተኛ ፍራሽ የሚሆን ቦታ በእግራቸው ለኩ።