በሁሉም ስም ላይ የእኔ ስልክ

ነቀምት ስመደብ የማውቀው ሰው አልነበረም። አሁንም ብዙ የለም። የሥራ ባልደረቦቼ ደጎች ናቸው፤ እሑድ ግን ሁሉም ከየቤተሰቡ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይውላል፣ እኔ ከሰርቨር ጋር ቢሮ እውላለሁ።

ሥራዬ የስም መዝገብ መጠበቅ ነው። በወለጋ ከተሞች ያሉ ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት ዌብሳይት ሲከፍቱ ዶሜይን በሚባል አንድ የጋራ የኢንተርኔት አድራሻ ሥር ስም እንሰጣቸዋለን። ስሙ የማን እንደሆነ፣ ወደየትኛው ኮምፒውተር እንደሚመራ፣ ባለቤቱ በምን ስልክ እንደሚገኝ እመዘግባለሁ። ሶፍትዌሩን የጻፉት በዓይኔ አይቻቸው የማላውቅ የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ወስዶ እንደሚመቸው ያስተካክለዋል። ሲቸግረኝ እጽፍላቸዋለሁ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ በትሕትና ይመልሱልኛል። ካልዋሸሁ፣ በሳምንት ውስጥ ረጅሙን ወሬ የማወራው ከእነሱ ጋር ነው።

ሶፍትዌሩ ግትር ነው፤ የባለቤቱ ስልክ ካልተሞላ አልመዘግብም ይላል። የእኛ ሰው ደግሞ ስልኩን ቅጽ ላይ ማስፈር አይወድም። የቢላ ከተማ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ቁጥራቸውን ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ያንተን ጻፈው። አቱ ጅርታ ሚቲ? አንተ አለህ አይደል?» አሉኝ። የሲሬ ከተማዋ ርዕሰ መምህርትም እንዲሁ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። ሰው የሌለው ሰው ሲታመን ልቡ ያብጣል።

ከሁሉም የቀረበኝ የኪራሙው መምህር ነበር። ለትምህርት ቤቱ ስም ሊያስመዘግብ በአውቶቡስ መጥቶ ሁለት ቀን እኔ ጋ ሰነበተ። እስከ ዛሬ ቤቴ ያደረ እንግዳ እሱ ብቻ ነው። ስለ ተማሪዎቹ ማውራት ከጀመረ የጎረሰውን እንኳ ማላመጥ ይረሳል። «እኛ ጋ ኔትወርክ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ ያንተን አርግልን» አለኝ፣ አደረግሁለት። የእሱን ቁጥር ስልኬ ላይ ብቻ ያዝኩ። ስልኬን መናኸሪያ ሲሰርቁኝ ሲም ካርዴን መልሼ አወጣሁ፣ የሰዎቼ ቁጥር ግን አብሮ ሄደ።

ከዚያ ግጭት ተነሣና ኪራሙ የማይኬድበት ሆነ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔትም እኛ ጋ ጭምር ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ።

ሶፍትዌሩ በዓመት አንዴ ለእያንዳንዱ ባለስም «አሁንም አሉ?» ብሎ መልእክት ይልካል፤ መልስ ካጣ ስሙን ይሰርዛል። ነቀምት መስመሩ በተከፈተ ቀን ስልኬ ይንጫጫ ጀመር። የቢላውም፣ የሲሬውም፣ የኪራሙውም «አሁንም አሉ?» እያለ ወደ እኔ መጣ። ጠያቂውም እኔ፣ ተጠያቂውም እኔ። የሌሎቹን በየከተማቸው ሄጄ አጣርቼ መለስኩ። የኪራሙውን ግን በየትኛው አፌ አለ ልበል? ኮዱን ከፍቼ የሚሰርዘውን ትእዛዝ አጠፋሁና ስሙን አቆየሁት። ሰውየውን የምፈልግበትን መንገድ ግን ቀድሜ በገዛ እጄ ዘግቼዋለሁ። በራሴ በጣም አፈርኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። «ሃሎ» ከማለቴ አንዲት ሴት ጮኸች።

«ወንድምዓለም! አለህ? ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!»

ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ አጠገቧ ላሉት «አነሳው! አነሳው!» ትላለች። «የድሮው ስልክህ አልሠራ ቢለኝ የኪራሙን ትምህርት ቤት ስም ኢንተርኔት ላይ አስፈተሽኩ፤ ከስምህ አጠገብ የባለቤቱ ስልክ ብሎ ይኸን ቁጥር አወጣልኝ» አለች። መዝገባችን ለማንም ክፍት ነው። የመምህሩ እኅት በወንድሟ ፋንታ የእኔን ቁጥር አግኝታለች።

«እኅቴ፣ አንዴ ስሚኝ» አልኩ። አልሰማችኝም።

«ቆይ፣ ለእማዬ ልስጥልህ። እማዬ፣ ነይ፣ እሱ ነው!»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ተሰማኝ። ከዚያ የአሮጊት ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ ቀረበ።

«ልጄ» አሉኝ።

እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሰው ካጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወዲያው «አይደለሁም» ማለት ሲገባኝ ደግመው እንዲጠሩኝ ጠበቅሁ፤ ያን ዛሬም ለራሴ ይቅር አላልኩትም።

«እማማ» አልኩ፣ «እኔ እሱ አይደለሁም።»