የኦይታ ግራ ትከሻ

ኦይታ ከሥራ ሲመለስ ዘሎ ቤት አይገባም። ከግቢው በር ውጭ ሸሚዙን አውልቆ፣ ፕላስተር እየለጠፈ እየነቀለ፣ ከኮሌታ እስከ እጅጌ ይለቅመዋል። የሲቀላ ሰፈር ጎረቤቶቹ "ደግሞ ጀመረው!" እያሉ ይስቃሉ። ይሳቁ! ያቺን ቀን አላዩም።

ሥራው የኢንተርኔት ፋይበር መስመር መቀጠል ነው። ፋይበር እኮ ሽቦ አይደለም፤ ከፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው። ሲቆረጥ የሚወድቀው ቁራጭ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ከተሰበረ ማን ያየዋል? ዓይን ከገባማ አያድርስ ነው። ስለዚህ ኦይታ መነጽሩን ሳያደርግ አይነካውም፤ ብርሃን ያለበትን ጫፍ ወደ ዓይኑ አያዞርም፤ ቁራጩን ሁሉ ክዳን ባለው ጠርሙስ ይጨምራል። ሲበዛ ጠንቃቃ ነው።

ያን ዕለት ግን ሴቻ ሰፈር ካለ አንድ መሥሪያ ቤት መስመር ተበጥሶ ባለጉዳይ እስከ ደጅ ተሰልፏል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ዘካሪያስ ከኦይታ ጀርባ ቆሞ፣ "አለቀ? ኧረ በናትህ፣ አላለቀም?" እያለ ነፍሱን አወጣው። ኦይታ ሁለቱን የተበጠሱ ጫፎች ቆረጠ፣ በማሽን አቅልጦ ቀጠለ፣ መሰኪያውን በአልኮል ጠርጎ ኔትወርክ ማከፋፈያው ላይ ሰካ። አረንጓዴው መብራት ቦግ ሲል ሰልፈኛው አጨበጨበ።

ዕቃውን ሲሰበስብ ጠርሙሱን አየ። ሁለት ጫፍ ቆርጧል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቁራጭ ግን አንድ ነው።

ጠረጴዛውን በፕላስተር ዳሰሰ፣ ወለሉን በስልኩ ባትሪ አበራ፣ ወንበሩን ገለበጠ። የለም። ዘበኛው ሊዘጋ ቁልፉን ሲያቃጭል እያቅማማ ወጣ። ባጃጅ ውስጥም አላረፈ፤ አንዴ እጁን ያያል፣ አንዴ ጫማውን ይገለብጣል። ሹፌሩ "ምን ጠፋብህ ወንድሜ?" ቢለው ኪሱን ይዳብሳል።

ቤቱ ደርሶ በሩን ሲከፍት የሁለት ዓመት ልጁ ምኞት እጇን ዘርግታ "አባ!" እያለች ሮጠችበት።

"እንዳትነኪኝ!"

ጩኸቱ ራሱንም አስደነገጠው። ልጅቷ ድርቅ አለች፤ ከዚያ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሚስቱ አገርነሽ ከጓዳ ብቅ አለች።

"አብደሃል እንዴ? ልጅ ላይ እንዲህ ይጮኻል?"

"ያዥያት! የመስታወት ቁራጭ ጠፍቶብኛል፤ ምናልባት እላዬ ላይ ነው። ወይኔ፣ እጄ የት አደረገው?" ኪሱን እየገለበጠ በሩ ላይ ይንቆራጠጣል።

አገርነሽ ልጅቷን አቅፋ እጆቹን ተመለከተች። ንዴቷ ቀስ በቀስ በረደ።

"ኦይታ፣ አባትህ ዶርዜ አገር ሲሸምኑ የቆረጡትን ክር የት ነው የሚያደርጉት?"

"ትከሻቸው ላይ ይለጥፉታል። ምነው?"

"አንተስ የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል?"

እሱም ክሩን የሚለጥፈው ግራ ትከሻው ላይ ነው። በልጅነቱ ከአባቱ ሥር ተቀምጦ ክር ሲቀጥል ያደገ ሰው ነው። ዘካሪያስ ሲያጣድፈው እጁ የለመደውን አድርጎ ይሆን?

ሸሚዙን ቀስ ብሎ አወለቀ። ፕላስተሩን ግራ ትከሻው ላይ ተጭኖ ነቀለና ወደ አምፖሉ አስጠጋው። ከጥፍር የማትረዝም ቀጭን ነገር ብልጭ አለች።

"በኢየሱስ ስም!" አለች አገርነሽ።

ኦይታ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ምኞት በየማታው ፊቷን ለጥፋ የምትተኛው እዚያው ግራ ትከሻው ላይ ነው።

"ዓይኗን እኮ..." አለ።

ቁራጯን ጠርሙሱ ውስጥ ከተተ፤ ሸሚዙን ውጭ አስቀምጦ ደረቱን፣ አንገቱን፣ እጁን ደጋግሞ ታጠበ። ከዚያ ራቁት ደረቱን ቁጭ ብሎ ጠራት። ምኞት አኩርፋ ፊቷን አዞረች። ደግሞ ጠራት። እያየችው እያየችው መጥታ ጭኑ ላይ ወጣችና እንደልማዷ ፊቷን ግራ ትከሻው ላይ ለጠፈች።

ሽፋሽፍቷ ቆዳውን ሲነካው ኦይታ ትከሻውን ሳያንቀሳቅስ አቀፋት።