አልታጠፍ ያለው የጀልባ ጥላ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በሚያዝያ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጊዜ ቁጣን ያበርዳል የሚሉ ሰዎች አሉ። የኔን አላዩም።

ከጅጋ ወረድ ብሎ ባለው አገራችን የመስኖ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የቤተ ክርስቲያናችን መንገድ ውኃ ውስጥ ቀርቷል። ዞሮ በእግር ለሚሄድ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። እኔ ከባሕር ዳር አንዲት አሮጌ ባለሞተር ጀልባ ገዝቼ ሰው አሻግራለሁ። ዘጠኝ ሰው ትይዛለች። ችግሩ ፀሐይ ነው። በበጋ ውኃው ላይ ከላይም ከታችም ይጠብሳል፤ ሰዉ ጃንጥላ ሲዘረጋ ደግሞ የአንዱ ዘንግ የሌላውን ዓይን ሊያወጣ ይደርሳል።

እህቴ ይታይሽ ባገባች በሰባት ዓመቷ ወንድ ልጅ ወለደች። ሰባት ዓመት ሙሉ ስለት ያልተሳለችበት ደብር የለም። የልጁ አርባ ቀን ሲቃረብ፣ «ወንድምዓለም፣ ከክርስትናው ስንመለስ ቀትር ይሆናል፤ ይህን ሕፃን ፀሐይ እንዳይመታብኝ» አለችኝ። ጥላ ላሠራ የተነሣሁት ለዚያ ነው።

«እንደ ጋሪ ጥላ ቋሚ አድርገው» ያለኝ ሰው ነበር። ቋሚ አልፈለግሁም። ቀትር ላይ ከሸለቆው የሚነሣ ነፋስ አለ፤ ቋሚ ሸራ ካገኘ ጀልባ ይገለብጣል። እኔ የፈለግሁት የሚታጠፍ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ መቆለፊያ ፒኑን ነቅዬ ወደ ኋላ የማስተኛው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ብየዳ የሚሠሩ አያ ሙላት የሚባሉ ሰው አሉ። እጃቸው የተመሰከረለት ነው። ነገርኋቸው፤ ቀጭን ቱቦ አጉብጠው ሦስት ቅስት አወጡ፣ በማጠፊያ አገናኙት። ሸራውን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ልጁን ፀሐይ በጎን እንዳያገኘው ብዬ ወደ ታች ረዘም እንዲል ያደረግሁትም እኔው ነኝ።

ብየዳ ቤታቸው ደጅ ላይ ሦስት ጊዜ ዘርግቼ ሦስት ጊዜ አጠፍሁት። ይሠራል። «ትንሽ ይንቀጫቀጫል እንጂ» አልኋቸው። እንዲያው ለነገሩ ያህል ነው ያልሁት። «ግድ የለህም፤ ቀለም ቀብቼው ነገ ትወስደዋለህ» አሉኝ።

በማግስቱ እንደተዘረጋ በአይሱዙ ጭኜ ወሰድሁት። የክርስትናው ዋዜማ ነው፤ ሥራው ብዙ ነው። ጀልባዋ ላይ በቡሎን አጥብቄ አሰርሁትና ወደ ድግሱ ቤት ሮጥሁ። አጥፌ አላየሁትም። ትናንት ያጠፍሁትን ዛሬ ምን ብዬ ልሞክር?

ስንሄድ ገና ጨለማ ነበር፤ ልጁ በማለዳ ተጠመቀ። ቀትር ላይ ስንመለስ ከነሕፃኑ ዘጠኝ ነበርን፤ እህቴ፣ ባሏ፣ የልጁ የክርስትና አባት፣ የንስሐ አባታችን መምሬ ታከለ፣ የቀሩት ጎረቤት ናቸው። ሰዉ ሁሉ ሸራውን እያየ ያሞግሰኛል። መምሬ ታከለ፣ «እግዜር ጥላ ከለላ ይሁንህ» ብለው መረቁኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ውኃው መሐል ሲደረስ ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው ጀርባ ብቅ ይላል፤ በስተቀኝ፣ ከፍ ብሎ። እዚያ ቦታ ሳይሳለም የሚያልፍ የለም። በፊት ሰው በተቀመጠበት ቀና ብሎ ያማትብ ነበር፤ አለቀ። ያን ቀን ግን ቀና ቢሉ የሚታየው ሸራ ነው። ሁሉም ብድግ ብለው ወደ ቀኝ ጠርዝ ሄዱና ከሸራው ሥር አንገታቸውን አወጡ። እህቴማ ልጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ታቦቱ እንዲባርክላት ከጀልባዋ ውጭ ዘረጋችው።

ጀልባዋ በቀኝ በኩል ዘመመች። ያ ነፋስ ያኔውኑ መጣና ሸራውን ከሥር ሞላው። ውኃ በጠርዙ ገባ። «ተቀመጡ!» ብዬ ጮህሁ። ሰው ሲደነግጥ ያገኘውን ይጨብጣል እንጂ አይቀመጥም፤ የጨበጡት ደግሞ ያንኑ የቀኙን ጠርዝ ነው። ፒኑን ነቀልሁ። ጥላው አልታጠፈም። በትከሻዬ ገፋሁት፤ ንቅንቅ የለም። እህቴ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ናት፤ ልጁን ከራሷ በላይ ይዛዋለች።

ቢላዬን መዝዤ ሸራውን ከዳር እስከ ዳር ተረተርሁት። ነፋሱ መውጫ ሲያገኝ ጀልባዋ እየተንገዳገደች ተመለሰች። ባሏ ይታይሽን በቀሚሷ ጎትቶ አስቀመጣት። ልጁን ጠብታ አልነካውም።

ዳር ስንደርስ ፈጣሪን ማመስገን ሲገባኝ አፌን ከፈትሁ። መምሬ ታከለ ባሉበት፣ «ለመሳለም ነው ለመስጠም የተሳፈራችሁት?» አልሁ። ይኸ ባልከፋ። ወደ እህቴ ዞሬ፣ «አንቺ ደግሞ እናት ተብለሽ! እግዜር ሰባት ዓመት የከለከለሽ ለካ አውቆ ነው» አልኋት። ሰው ሁሉ እየሰማ። እሷ ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ሄደች።

ከዚያ ቱቦውን ፈትቼ ማጠፊያው ላይ ያለውን ቀለም በቢላ ፋቅሁት። ከሥሩ ብየዳ ነው። በዚያው ዕለት ተሸክሜው ፍኖተ ሰላም ገባሁ።

«አንቱ ሰው፣ ምን አደረጉኝ? ማጠፊያውን በየዱት?»

«ይንቀጫቀጫል ብለህ አልነበር?» አሉኝ አያ ሙላት። «ሥራዬ ሲንቀጫቀጭ ቢሰማ ስሜ ይጠፋል ብዬ ነካ ነካ አደረግሁት። ያውም በነፃ።»

«የሚታጠፍ እኮ ነው ያልሁዎት!»

«ታዲያ ስትወስደው አጥፈህ አላየህም?»

መዶሻቸውን አንሥቼ የቤታቸውን ቆርቆሮ ልቀጠቅጠው ምንም አልቀረኝ። አጥፌማ አላየሁትም። ዘጠኝ ነፍስ እንደነበርን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ ብየዳውን ቆርጠው አላቀቁት።

አያ ሙላትን ዛሬም ከልቤ ይቅር አላልኋቸውም። ሳይጠየቁ የሚጨምሩ ሰዎች ያናድዱኛል። በራሴ ደግሞ ከሳቸው ይበልጥ እናደዳለሁ። ያን ቦታ በቀን አራት ጊዜ እየተሳለምሁ የማልፍ ሰው፣ ጥላ ሳስለካ ሰው እዚያ ጋ ቀና እንደሚል እንዴት ይጠፋኛል?

መምሬ ታከለንና ሽማግሌዎች ይዤ እህቴ ቤት ሄጄ እግሯ ላይ ወድቄያለሁ። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለችኝ፤ የምሯን ነው። ስንወጣ መምሬ ታከለ፣ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እንግዲህ ቻለው» አሉኝ። እህቴ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ጥላው በአንድ እጅ ይታጠፋል። አዲሱን ሸራ ከፍ አድርጌ ነው ያስያዝሁት፤ ቤተ ክርስቲያኑም ይታያል። ይታይሽ ግን ከዚያ ወዲህ ጀልባዬ ላይ ወጥታ አታውቅም። በየሰንበቱ ልጁን አዝላ ግድቡን በእግሯ ትዞራለች። እኔ ለሱ ባሠራሁት ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ እሱን በፀሐይ ይዛው ዳገቱን ስትወጣ ከውኃው ላይ አያታለሁ። ሞተሩን አጥፍቼ እጣራለሁ። ዞር ብላ እጇን አንሥታ ሰላም ትለኛለች፤ ከዚያ ነጠላዋን በልጁ ራስ ላይ ጣል አድርጋ መንገዷን ትቀጥላለች።