የፊልጵስዩስ ምግብ ቤት

ባለፈው ሳምንት ሞጣ ውስጥ ከሥራ ስመለስ ሳሙና ልገዛ አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ባለሱቁ የሶያ ሶስ ጠርሙስ ከመደርደሪያ ሲያወርድ አምልጦት ተሰበረና የጥቁሩ ማጣፈጫ ጨው ጨው የሚል ሽታ ቤቱን ሞላው። ሰውየው አፍንጫውን ይዞ ይቅርታ ሲጠይቀኝ እኔ ሽታውን እየሳብኩ ፈዝዤ ቀረሁ፤ ሳሙናውንም ሳልገዛ ወጣሁ። ቢቸና ውስጥ፣ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እናቴ የከፈተችው ምግብ ቤት ልክ እንደዚህ ይሸት ነበር።

እናቴ ይታይሽ ለሥራ ቤይሩት የሄደችው እኔ ገና ድክ ድክ ስል ነው። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቷ ጥሩዬ ስለሆነች «እማዬ» የምለውም እሷን ነበር። ስለዚህ አራተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ሽቶ ሽቶ የምትል ሴት ከመኪና ወርዳ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም፣ እንደ ማንኛዋም የጎረቤት ሴት «እትዬ» አልኳት። ጥሩዬ ፊቷን አዞረች።

ብዙም ሳትቆይ አንዲት ክፍል ተከራይታ እዚያው ማደር ጀመረችና በሯ ላይ «የፊሊፒንና የሃዋይ ምግብ» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች። ቤይሩት ውስጥ አብራት አንድ ቤት ትሠራ የነበረች ማሪሴል የምትባል ፊሊፒናዊት የአገሯን ምግብ አስተምራት ኖሯል፤ የማሪሴል እህት ሃዋይ ስለምትኖር የዚያም ተጨምሮበታል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ የማውቀው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አቼቶና ነጭ ሽንኩርት አብረው ሲፈሉ የሚወጣው ሽታ እግሬን ይዞ እንደሚያስቀረኝ ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አያለሁ፤ ሰዉም ሰሌዳውን እያነበበ፣ አንገቱን እያሰገገ ወደ ውስጥ አይቶ ያልፋል። የሚገባ ግን የለም።

መጀመሪያ የደፈሩት የሰፈራችን የቅኔ መምህር፣ የኔታ ናቸው። ሰሌዳውን በመቋሚያቸው እያመለከቱ፣

«ይታይሽ፣ እነዚህ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላቸው የፊልጵስዩስ ሰዎች ናቸው?» አሏት።

«አይ የኔታ፣ እነዚህ ሌላ ናቸው። አገራቸው ባሕር መካከል ነው፣ ደሴት።»

«ሃዋይስ? ከሐዋርያት ወገን ነው?»

እናቴ ሳቋ አመለጣት። የጾም ቀን ስለነበር ቀጭን ፓስታ ከጎመንና ከካሮት ጋር በሶያ ሶስ አምሳ አቀረበችላቸው። የኔታ ባርከው፣ ሹካውን ገለል አድርገው በእጃቸው ጠቅልለው ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ጳውሎስ ይህን ቀምሶት ቢሆን ኖሮ መልእክቱን ያስረዝመው ነበር» አሉ።

ነገሩ በአንድ ቀን ከተማውን ዞረ፤ ሰሌዳው የፈለገውን ይበል እንጂ ቤቱ «ፊልጵስዩስ» ሆኖ ቀረ። ሰውም ለማየት፣ ለመቅመስ መግባት ጀመረ። እኔም የኔታ የገቡበት ቤት ምን ያደርገኛል ብዬ ገባሁ።

አዶቦ የሚባለውን ዶሮ አቀረበችልኝ፤ ኮምጣጣ ነው፣ ጨው ጨው ይላል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጣፈጥ የሚል ነገር ምላስ ላይ ይቀራል።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«ማሪሴል። እሑድ እሑድ ማዳም ስትወጣ ነበር የምንሠራው።»

«ማዳም ማናት?»

እንዲህ ተጀመረ። በየቀኑ እየሄድኩ በላሁ፣ በበላሁ ቁጥር ጠየቅሁ። የሃዋይ ያለችውን፣ ጠፍጥፋ የጠበሰችውን ሥጋ ሩዝ ላይ አስቀምጣ እንቁላል የምትደርብበትን ስበላ፣ የተኛችበት የወጥ ቤት ጥግ መስኮት ባሕር ያሳይ እንደነበር ነገረችኝ። ባሕር ምን ያህል ነው ብላት፣ የቢቸናን ሜዳ ውሃ ሞልቶት ማዶው ሲጠፋብሽ አስቢው አለችኝ። ማሪሴልም በእኔ ዕድሜ ልጅ ነበረቻት፤ ሁለቱ ሴቶች ሽንኩርት እየከተፉ፣ «የኔዋ ዛሬ ምን ለብሳ ይሆን? ያንቺዋስ?» ይባባሉ ነበር። እኔ ጥሩዬ ያጠበችልኝን ቀሚስ ለብሼ አፈር ላይ ስንከባለል ባሕር ማዶ ስሜ ይነሳ እንደነበር ስሰማ፣ ገርሞኝ ማላመጤን ተውኩ።

አንድ ቀን ወጡን ቀምሼ ሳላስበው፣

«እማዬ፣ ጨው አንሶታል» አልኩ።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ምድጃው ዞረችና ጨው ጨመረች፣ ደግማም ጨመረች። የማይበላ አደረገችው። ሁለታችንም ድስቱን እስክናራቁት በላነው።

ቤቱ ግን አልቆመላትም። ሶያ ሶሱ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ሰዉም ለጉጉት ከቀመሰ በኋላ ወደ ሽሮው ተመለሰ። ከየኔታ ሌላ ዘላቂ ደንበኛ አልነበራትም። በሁለተኛው ክረምት ሰሌዳውን አወረደችና ተመልሳ ቤይሩት ሄደች።

መጀመሪያ የሄደች ጊዜ ጭቃ እያቦካሁ ቀና ብዬ እንኳ እንዳላየኋት ጥሩዬ ነግራኛለች። በሁለተኛው ግን ማን እየሄደብኝ እንደሆነ አውቅ ነበርና፣ መናኸሪያው ውስጥ የአውቶቡሱን በር ይዤ አለቅም ብዬ ረዳቱ ነው ጣቶቼን ያላቀቀው።

ከብዙ ዓመት በኋላ በሰላም ተመልሳለች፤ ዛሬም ቢቸና ከጥሩዬ ጋር ትኖራለች፣ እኔም በዓል በመጣ ቁጥር ከሞጣ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። ስንገናኝ ግን ሁለት ትልልቅ ሴቶች ነን፤ ተከባብረን እንጫወታለን፣ አንዳችን ለሌላችን ወንበር እንለቃለን። እኔ ልጅ፣ እሷ እናት ሆነን የኖርነው ያ ቤት ክፍት በነበረበት ጊዜ ብቻ ነው።