የታጠበው ማሽላ

ጆሮ ያለህ ሁሉ፣ ቆመህ ስማ። በእህል ምርመራ ቤት፣ ከምድር በታች ባለችው ክፍል፣ ሃያ ሦስት ዓመት እህል እያነደደ አመዱን ሲመዝን የኖረው፣ ባልደረቦቹ «አመዴ» የሚሉት ሰውዬ «ተሳስቻለሁ» ብሏል። ነጋሪት የሚጎስምለት ስለጠፋ እኛው በድስት ክዳን አውጀንለታል።

ሥራው ይኸው ነው፤ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ አጃውን፣ ማሽላውን በየተራ ይፈጫል፣ ያነድዳል፣ አመዱ ውስጥ ስንት ብረት እንዳለ ይለካል። የዛሬ ሁለት ዓመት ቀዩ ማሽላ ሁሉንም አስከነዳ። አለቆች ፈነደቁ። ማሽላው ዘውድ ደፍቶ በየግድግዳው ተለጠፈ፤ ስንዴ ከሥሩ እንደ ተሻረ ሹም አንገቱን ደፋ።

ሰውዬው ያለችው ዘመድ ሌላ ከተማ የምትኖር እህቱ ብቻ ናት። ደም ያንሳታል። ፖስተሩን አይታ ሐኪም ያዘዘላትን እንክብል ተወችና ማሽላውን ያዘች። እሁድ እሁድ እየደወለች፣ «ወንድምዓለም፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» ትለዋለች። ከዚያች ስልክ በቀር ሳምንቱን ሙሉ የሚያናግረው ሚዛኑን ነው። ሚዛን ደግሞ ጨዋታ አያውቅም።

ባለፈው ወር የመጣው ማሽላ ጠጠር ስለበዛበት፣ ወፍጮውን እንዳይበላበት ብሎ አጠበው። ብረቱ ከግማሽ በታች ወረደ። ደገመው፤ ያው። ያ ሁሉ ዘውድ እህሉ መሬት ላይ ሲወቃ የተለጠፈበት አፈር ኖሯል፤ የአፈር ብረት ደግሞ ለደም እምብዛም አይረባም።

ወደ አለቃው ወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማን እጠብ አለህ?» አለው አለቃው።

«ቁጥሩ እኮ ስህተት ነው፣ ጌታዬ።»

«ፖስተሩ ታትሟል። አፈርም ቢሆን የአገር አፈር ነው።»

ለእህቱ ግን ሦስት እሁድ ሙሉ ትንፍሽ አላለም። ፈሪ በሉት፤ ስልክ የሚደውልላችሁ ሰው አንድ ብቻ ሲሆን ያኔ እንነጋገራለን። በአራተኛው እሁድ፣ «ዛሬ ደረጃ ስወጣ ሁለቴ ቁጭ አልኩ» አለችው።

«እታለም፣ ማሽላውን ተዪው። እንክብልሽን ዋጪ።»

«ምነው?»

«ብረቱ አፈር ነው።»

«ሁለት ዓመት አፈር ስታስበላኝ ነው የኖርከው?»

«አላወቅኩም ነበር።»

«መቼ አወቅክ?»

መዋሸት ይችል ነበር። «ወር ሊሆነኝ ነው» አለ።

ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ አታነሳለትም። እሁድ ሲመጣ ስልኩን ከጨው ዕቃው ላይ አስደግፎ ይቀመጣል፤ ለአንድ ሰው የተሠራው ሾርባ ፊቱ ይቀዘቅዛል። ይቅርታዋን እንኳ አይደለም የሚፈልገው፤ እንክብሉን መዋጧን ብቻ ማወቅ ነው።

የእሱን ቁጥር ስታይ ትዘጋዋለች። ያንተን ግን አታውቀውም፣ አንባቢዬ። ፖስተር ለማመን ያልሰነፍክ ሰው፣ እስቲ ስልክህን አውጣና ቁጥሯን ልንገርህ፤ ስታነሳ ሌላ ወሬ ሳታበዛ፣ «እንክብሉን ጀመርሽ ወይ?» ብለህ...