ለሱሉልታ ወተት የገዛኋት ኪኒን

ልጄ የተዳረችው ሱሉልታ፣ ላም ከሚያልቡ ሰዎች ቤት ነው። እዚያ እንግዳ ገና አረፍ ከማለቱ ወተት ይቀርብለታል። እኔ ደግሞ ወተት ከጠጣሁ ሆዴ ይነፋል፣ ያጉረመርማል፣ ከሰው መሀል ያስነሳኛል። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ከንፈሬን ብቻ አስነክቼ አስቀመጥኩት። የባሏ እናት ሙሉውን ብርጭቆ አንስተው ገቡ። ኋላ ለልጄ፣ «እናትሽ ቤታችንን ተጸየፉት እንዴ?» ብለዋታል።

«እማ፣ በሞትኩት፣ ትንሽ እንኳ ብትጠጪላቸው ምናለ?» አለችኝ በስልክ። ድምጿ ልቅሶ ልቅሶ ይል ነበር።

ቡራዩ፣ ሰፈራችን ያለችው ፋርማሲስት ኪኒን ሰጠችኝ። የወተትን ስኳር የሚፈጭ ኢንዛይም ነው፤ የሆዴ ስላነሰ ከውጭ መጨመር ነው አለችኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ወልጄ፣ በማታ ትምህርት ስለሆነ የተጻፈ ነገር ሳልጨርስ አልለቅም። መመሪያውን እስከ መጨረሻው አነበብኩት፦ ከመጀመሪያው ጉንጭ ጋር ትታኘክ ይላል።

በሁለተኛው ጉብኝት ወተቱ እጄ እንደገባ ኪኒኗን አፌ ውስጥ ጣል አደረግሁ። ለካ እዚያ ቤት ያልተመረቀ ወተት አይቀመስም! የባሏ አባት ተነሡ። ላሞቹን መረቁ፣ ዝናቡን መረቁ፣ ልጄን፣ ጎረቤቱን፣ የመጣሁበትን መንገድ ሳይቀር። በኦሮምኛ «ሆራ ቡላ!» — ተባዙ፣ ኑሩ — ሲሉ «አሜን» እንላለን፤ እኔ በአሜኑ መሀል አኝካለሁ።

ድንገት ቆም አሉ። «የሙሽሪት እናት፣ ምርቃቴን ነው የሚያኝኩት?»

ልጄ አንገቷን ደፋች። እውነቱን ተናገርኩ። «ወተት ሆዴ ሲገባ ይጣላኛል፣ አባቴ። ይቺ እንድታስማማን ነው።»

«እንግዲያስ ሽማግሌ ይዘው ነው የመጡት በሉኛ!»

ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ባለቤታቸው ግን አልሳቁም። አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «ታዲያ ያን ጊዜ አይነግሩኝም ነበር? እኔ እኮ ዕቃዬ ሸቶዎት መስሎኝ፣ ጮጮውን አጥቤ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ አጥኜ ልሞት!»

ወተቱ ከዘገየ ሌላ መድገም እንደሚቻል ፋርማሲስቷ ነግራኝ ነበር። ምርቃቱ ሲያበቃ ሁለተኛዋን በሰው ፊት አወጣሁና ከመጀመሪያው ጉንጭ ጋር አኘክኋት። ወተቱ ወይራ ወይራ ይላል፤ እንዴት ይጥማል! ጨረስኩት። ሴትዮዋ ባዶውን ብርጭቆ ተቀብለው ለልጄ ከፍ አድርገው አሳዩአት።

«አየሽ እናትሽን?» አሏት።

ሆዴ እስከ ቡራዩ ድረስ ትንፍሽ አላለም።