ጓሮ የተላከው ግንብ

ትናንት ሪቻርድሰን ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ ከጓደኛዬ ቴክስት ደረሰኝ፦ «ፈቀዱልን!» ጮህኩ። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ቡናውን ሊደፋ ምንም አልቀረው። አሁንም ስጽፈው ደስታው እጄን ያጣድፈዋል። ከደስታው ሥር ግን የሚያንገበግበኝ ነገር አለ።

የተፈቀደው ግንብ ነው። የቻይናዊቷ ጓደኛዬ አያት ፕሌኖ ከተማ ካለው ቤታቸው የፊት በር ትይዩ በገዛ እጃቸው የገነቡት ነበር። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ይላል፤ አናቱ ላይ ጫፉ ወደ ሰማይ ቀና ያለ የሸክላ ክዳን አለው። አጥር እንዳይባል ግራና ቀኙ ክፍት ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን «ታዲያ ማንን ያግዳል?» ብዬ ስጠይቅ ሽማግሌው ሳቁብኝ። ጓደኛዬ እየተረጎመችልኝ እንዲህ አሉ፦

«ክፉ መንፈስ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ መታጠፍ አያውቅም። እንግዳ ግን ይታጠፋል። ሲታጠፍ የመንገዱን ቁጣ ውጪ ትቶ ይገባል። ድሮ አገራችን በር ተከፍቶ እንኳ ጓዳው ለመንገደኛ አይታይም ነበር።»

የሰፈሩን ቤቶች የሚቆጣጠረው ኮሚቴ፣ ኤችኦኤ የሚባለው፣ «ከሰፈሩ መልክ ጋር አይሄድም፣ ይፍረስ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው በፊት በር መውጣት ተዉ። በጋራዥ ሆነ መውጫቸው።

ለአባቴ ነገርኩት። «ጓዳውን የሚሸሽግ ሰው ይከበራል እንጂ ቤቱ ይፈርሳል? ሽማግሌ መላክ ነው!» አለ።

«አባቢ፣ እዚህ ኢሜይል ነው የሚደረገው።»

«ሰው በኢሜይል ይታረቃል?»

እናቴ ከኪችን «ሂድ፣ ሂድ! ከወንድምህ ሳትታረቅ የቻይና ግንብ ልታስታርቅ!» አለችው።

እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ አባቴ ከአንድ ጓደኛው ጋር፣ ሁለቱም በሱፋቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር በር ላይ ቆሙ። እኔ ከኋላ ነኝ። ለእርቅ የተላከ ሽማግሌ እሺ ካልተባለ ቁጭ በሉ ቢሉት አይቀመጥም፤ እነሱም ይህንን መንገድ ላይ ተማክረው ጨርሰዋል። ቁጭ በሉ የሚል ግን አልመጣም። የደወሉ ካሜራ ሰማያዊ አበራና ድምፅ ወጣ፦

«አንገዛም። ሃይማኖትም አለን።»

አባቴ ለካሜራው ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። «ጌታዬ፣ ለእርቅ ነው የመጣነው።»

«ሪከርድ እየተደረጋችሁ ነው። ከበሬ ዞር በሉ።»

ወደ መኪናችን ተመለስን። ሀይዌይ ከገባን በኋላ አባቴ ነጠላውን እያጣጠፈ፣ «ለካ እሱም በሩ ላይ ግንብ አለው» አለ። «የሽማግሌው ግን በጎን ያስገባል።»

ሶ፣ የትናንቱ ፈቃድ ይኸውላችሁ፦ ግንቡ ከመንገድ እንዳይታይ ጓሮ ይተከል። ማለቴ፣ የበር ጠባቂ በር በሌለበት ሊቆም ነው። ፊት ለፊቱ የቆሻሻ ቢንና የኤሲው ሞተር ናቸው። ክፉ መንፈስ በቢን በኩል የሚመጣ ይመስል! ኮሚቴው ይህን ቸርነት ይለዋል፤ ምስጋናም ጠብቋል።

ደስታዬ ግን የውሸት አይደለም። ሌላ ሰው በመዶሻ እንዳይነካው ሽማግሌው ራሳቸው አፍርሰውት ነበር፤ ጡቦቹ ጋራዥ ውስጥ ተደርድረው የሚጥላቸውን መኪና ይጠብቁ ነበር። ዛሬ ስሄድ አንዱን ጡብ በእጅጌያቸው ሲወለውሉ አገኘኋቸው። «ያ እጅ የነሳው አባትሽ ይምጣ» አሉኝ በጓደኛዬ በኩል። «ሌላም የምታውቂው ሰው ካለ።»

እናንተን አውቃችኋለሁ ብያለሁ። ቅዳሜ ግንባታ እንጀምራለን፤ ጡብ አቀባይ ያስፈልገናል። ኑ። የፊት በሩን አታንኳኩ፤ በቤቱ ጎን ታጥፋችሁ ግቡ።